“ምጣዱን ነቅያለሁ አይደል?” ከኦሲዲ ጋር የዕለት ኑሮ

ጥያቄ፦

“ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ27 ዓመት ሴት ነኝ። አዲስ አበባ ከእናቴና ከታናሽ እህቴ ጋር እኖራለሁ። ባንክ ገንዘብ ከፋይ ነኝ። ጠዋት ከቤት ስወጣ የእንጀራውን ምጣድ ከሶኬት መንቀሌን ደጋግሜ አያለሁ። በስልኬ ፎቶ አነሳዋለሁ። ታክሲ ውስጥ ፎቶውን ሳየው ደግሞ ‘የዛሬ ነው የትናንት?’ እላለሁ። ከዚያ እናቴ ጋ ደውዬ ‘ነቅያለሁ አይደል?’ እላታለሁ፤ አይታ ትነግረኛለች። ከመንገድ እየተመለስኩ ስለማረፍድ መሥሪያ ቤት ማስጠንቀቂያ ሰጥቶኛል። ብር ስቆጥር ስለምውል እጄን በኦሞ፣ አንዳንዴም በበረኪና እታጠባለሁ። ቆዳዬ ተሰነጣጥቋል። ውኃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው፤ ያጠራቀምነውን ጄሪካን የምጨርሰው እኔ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ስቆም ደግሞ አፌ የማይደፍረው ስድብ በሐሳቤ ይመጣል። ሐኪም ኦሲዲ (በሚመላለስ አስጨናቂ ሐሳብና በሚደጋገም ድርጊት የሚታይ የአእምሮ ሕመም) ነው ብሎ ፍሉኦክሴቲን የሚባል መድኃኒት 20 ሚሊግራም አዘዘልኝ። አምስት ሳምንት ሆነኝ፤ ብዙ ለውጥ አላየሁም። እናቴ ‘ጸበል እንሂድ’ ትላለች። እህቴ ‘ዝም ብለሽ አታስቢው’ ትላለች። ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን በኑሮዬ ምን ላስተካክል? እንቅልፍ? ምግብ? ስፖርት? ለእጮኛዬስ ልንገረው?”

ምላሽ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ የመድኃኒቱን ነገር አንስቼ ልለፈው። አምስት ሳምንት ለኦሲዲ ገና ነው። ፍሉኦክሴቲን ለኦሲዲ ሲሰጥ፣ ለድባቴ ከሚሰጥበት ጊዜ ይልቅ ውጤቱ ይዘገያል። ሠራ አልሠራም የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ታይቶ ነው፤ ያውም በቂ መጠን ላይ ከተደረሰ። መጠኑም ከፍ ይላል። በ20 የጀመረ ሰው 40 ወይም 60 ሚሊግራም ላይ መድረሱ የተለመደ ነው፤ ጣሪያው 80 ነው። ይህን የነገርኩሽ በቀጠሮሽ ቀን ሐኪምሽን እንድትጠይቂው ነው። ራስሽ እንዳትጨምሪ፣ ‘አልሠራልኝም’ ብለሽም እንዳታቋርጪ።

ስለ እንቅልፍ፣ ምግብና ስፖርት ጠይቀሻል። እመጣበታለሁ። ግን ኑሮን ማስተካከል ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ጎመን መብላትና በጠዋት መሮጥ ነው። ጥሩ ነው፤ ማንንም አይጎዳም። ደብዳቤሽን ሳነበው ግን ቀንሽን እየበላ ያለው የምግብ ጉድለት አይደለም። ምጣዱ፣ ጄሪካኑና ስልኩ ናቸው። ከእነሱ እንጀምር።

ኦሲዲ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ሳትጠሪው የሚመጣ ሐሳብ ነው፦ ቤቱ ቢቃጠልስ? እጄ ላይ በሽታ ቢኖርስ? ሁለተኛው ያንን ጭንቀት ለማብረድ የምታደርጊው ነው፦ ማየት፣ ፎቶ ማንሳት፣ መታጠብ፣ እማዬ ጋ መደወል። ሐሳቡ እንዳይመጣ ማድረግ አትችይም፤ ማንም አይችልም። ሁለተኛው ላይ ግን፣ ቢከብድም፣ እጅሽ ይደርሳል። ደግመሽ ስታዪ ለጊዜው እፎይ ትያለሽ። ጣጣውም እዚያው ላይ ነው። አራጣ እንደ መበደር ነው፤ የዛሬን ይሸፍንልሽና ነገ ከነወለዱ ይመጣል። ለባንክ ሠራተኛ ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልገኝም።

“ደግሜ ሳይ እኮ የበለጠ እርግጠኛ እሆናለሁ” ትይኝ ይሆናል። አትሆኚም። እ.ኤ.አ. በ2003 ማርሴል ቫን ደን ሃውት እና ሜሬል ኪንት የተባሉ የሆላንድ ተመራማሪዎች ይህን በሙከራ አሳይተዋል። ጤነኛ ተማሪዎች ኮምፒውተር ላይ የተሠራ የጋዝ ምድጃ እንዲያበሩ፣ እንዲያጠፉና መጥፋቱን እንዲያዩ አደረጉ። ደጋግመው፣ 20 ጊዜ። በመጨረሻ ሲጠየቁ የቱን እንዳጠፉ አልተሳሳቱም። ነገር ግን ትዝታቸው ደብዝዟል፤ በገዛ ትዝታቸው ላይ የነበራቸው እምነትም ወርዷል። ኦሲዲ የሌለባቸው ሰዎች ናቸው እንግዲህ! መደጋገሙ ራሱ ነው ጥርጣሬውን የሚወልደው። አንቺም ሦስተኛውን ጊዜ ስታዪ የመጀመሪያውን ጥርት ያለ እይታ እየደለዝሽው ነው። ታክሲ ውስጥ “የዛሬ ነው የትናንት?” ያስባለሽ ይኸው ነው።

እንግዲህ ጠዋትሽን እንዲህ እናድርገው። ምጣዱ የሚነቀለው የመጨረሻዋ እንጀራ ስትወጣ ነው። የጋገራው አካል ይሁን እንጂ ከቤት የመውጫ ሥርዓት አይሁን። ቦርሳሽን ይዘሽ፣ ጫማሽን አድርገሽ ስትጨርሺ ከኩሽናው በር ላይ ቆመሽ አንዴ ተመልከቺ። አንዴ። ሶኬቱን በእጅሽ አትዳብሺው። “ነቅያለሁ፣ ነቅያለሁ” ብለሽ ጮክ አትበይ። ፎቶም የለም፤ ስልክሽ ላይ ያሉትን የምጣድ ፎቶዎችም ዛሬ ማታ ሰርዣቸው። የቆጣሪውን ብሬከር ማውረድ ጀምረሽ ከሆነም እሱን ተዪ። በሩን ቆልፊ፣ አንዴ ሳብ አድርጊው፣ ሂጂ።

ታክሲ ተራ ሳትደርሺ ሐሳቡ ይመጣል። ባይመጣ ነው የሚገርመኝ። “ሶኬቱ ግማሹ ብቻ ወጥቶ ቢሆንስ?” ይልሻል። አትከራከሪው። “አይ፣ ነቅያለሁ፣ አስታውሳለሁ” አትበይ፤ ይህም በጭንቅላት ውስጥ የሚደረግ ማየት ነው። መልስሽ ይህ ብቻ ይሁን፦ “ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። እኔ ወደ ሥራ እየሄድኩ ነው።” አያጽናናም አይደል? እንዲያጽናና አልፈለግሁም። ልብሽ ይመታል፣ ሆድሽ ይላወሳል፤ ይላወስ። ታክሲው ውስጥ ተቀመጪ፣ ሂሳብ ክፈይ፣ በመስኮት እዪ። ጭንቀቱ ሥራ ስትደርሺ ሊበርድ ይችላል፣ እስከ ምሳ ሊቆይም ይችላል። የቀኑ ውጤት የሚለካው በመረጋጋትሽ አይደለም። አለመመለስሽ፣ አለመደወልሽ፣ ያ ነው ውጤቱ።

ከመጀመሪያው ቀን ይህን ሁሉ ማድረግ ካቃተሽ አዘግዪ። “እመለሳለሁ፣ ግን ከ15 ደቂቃ በኋላ” በይ። 15 ደቂቃው ሲያልቅ ሌላ 15 ጨምሪ። ብዙ ጊዜ እስከዚያ ባንኩ በር ላይ ደርሰሻል።

“አንድ ቀን በእውነት ሳልነቅለው ብቀርስ?” ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። ምጣድ ብዙ ኃይል ይስባል፣ ይግላል፤ አንዴ ማየት ተገቢ ጥንቃቄ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ጥንቃቄ አይደለም። ጎረቤትሽም ምጣድ አላት። እሷም አንዴ ነቅላ ሥራዋ ትሄዳለች። እሷ የምትኖርበትን ያህል ስጋት ተቀብለሽ ኑሪ ነው የምልሽ። መቶ በመቶ እርግጠኝነት ለእሷም አልተሰጣትም፤ ልዩነቱ እሷ አለመፈለጓ ነው።

አሁን እናትሽ። ስትደውዪ ተነሥታ አይታ “ነቅለሻል ልጄ” የምትልሽ ስለምትወድሽ ነው። የትኛዋ እናት ናት ልጇ ስትጨነቅ እያየች ዝም የምትል? ግን መልሷ ከፎቶው በምንም አይለይም። ያሳርፍሻል፣ በማግስቱ ደግሞ ትደውያለሽ። በአሁኑ ሁኔታ ለኦሲዲው ሁለት ሆናችሁ እያገለገላችሁት ነው። ጄሪካን ስታልቅ ሮጣ የምትቀዳ ከሆነ እህትሽም ሦስተኛ ናት። እኔ በሥራዬ ከማየው ሁሉ፣ ቤት ውስጥ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ቤተሰብ ይህን አገልግሎት ሲያቆም ነው። ከስፖርቱም ከምግቡም በላይ።

ማቆሙ ግን በቁጣ መሆን የለበትም፤ በአንድ ቀንም አይሆንም። እሁድ ቡና ሲፈላ፣ ሁላችሁም በተረጋጋችሁበት ሰዓት፣ አንቺው ንገሪያቸው። ሐሳቡ ከአንቺ መምጣት አለበት። “ስደውልልሽ መልስ አትስጪኝ፤ መጀመሪያ እለምንሻለሁ፣ ላለቅስም እችላለሁ፣ ግን እንዳትመልሺልኝ” በያት። ምን እንደምትልሽም አብራችሁ ወስኑ፤ አለዚያ እናት ልቧ አይችልም። ለምሳሌ እንዲህ ብትል ይበቃል፦ “የኔ ልጅ፣ ይሄንን እንዳልመልስልሽ ተስማምተናል። በርቺ። ማታ ምሳ ዕቃሽን እንዳትረሺው።” ከዚያ ስልኩን ትዝጋ። “አሁንስ አበዛሽው!” አይባልም። ቆጥሮ መገሠጽም፣ እንግዳ ፊት ማንሳትም አይገባም። ያሳፍራል፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ማየቱን አይተውም፣ መደበቅ ይጀምራል።

አንድ ነገር ልጨምር። እህትሽ ሁልጊዜ ከአንቺ በኋላ እንድትወጣ አድርገሽ ከሆነ፣ ኃላፊነቱ እሷ ላይ ስለሚወድቅ ቀለል ይልሻል። እሱም ያው መሸሽ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን በሩን ቆልፋ የምትወጣው አንቺ ሁኚ። ከዚያ ሦስት ቀን።

ወደ እጅሽ ልምጣ። ኦሞና በረኪናውን ዛሬውኑ አቁሚ። እዚህ ላይ ቀስ በቀስ የሚባል ነገር የለም። በረኪና ለወለልና ለነጭ ልብስ ነው። የተሰነጠቀ ቆዳ ጀርም ማስገቢያ ይሆናል፤ ከጀርም ልትጠበቂ ብለሽ በር እየከፈትሽለት ነው። ተራ የገላ ሳሙና ይበቃል፣ ከታጠብሽ በኋላ ቫዝሊን። “ቫዝሊኑ ቆሻሻ ይይዛል” የሚል ሐሳብ ይመጣ ይሆናል። ይምጣ። ቁስሉ ከከፋ፣ ውኃ ከቋጠረ ወይም ካበጠ ለሐኪም አሳዪው።

መቼ ነው የምትታጠቢው? ከመጸዳጃ ቤት መልስ። ምግብ ከመሥራትና ከመብላት በፊት፤ በእጃችን ነው እንጀራ የምንበላው፣ ይህ የማይቀር ነው። እጅሽ ላይ በዓይን የሚታይ ቆሻሻ ሲኖር። ከታመመ ሰው ጋር ስትሆኚም እንዲሁ። አበቃ። የበር እጀታ፣ የታክሲ ወንበር፣ ሪሞት፣ ስልክ፣ ሰው መጨበጥ አያሳጥቡም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የሳሙና አስተጣጠብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ነው። አንቺ ግን ሰዓት ይዘሽ እንድትቆጥሪ አልፈልግም፤ መቁጠሩ በሁለት ሳምንት ውስጥ አዲስ ልማድ ሆኖ ቁጭ ይላል። ይልቅ ለአንድ መታጠብ የሚበቃ ውኃ በጆግ ቅጂ። ሲያልቅ አለቀ። ቆሞ መጠበቅ የለም፣ “ንጹሕ ሆንኩ” የሚለው ስሜት እስኪመጣ አይጠበቅም። ያ ስሜት ኦሲዲ ላለበት ሰው የማቆሚያ ምልክት ሆኖ ማገልገል ካቆመ ቆይቷል። ማቆሚያው የጆጉ ባዶ መሆን ይሁን።

ብሩን በተመለከተ፣ ብዙ እጅ ይነካዋል፣ እውነት ነው። አጠገብሽ ያለችው ባልደረባሽም ስትቆጥር ትውላለች። ምሳ ሰዓት ላይ ታጥባ ትበላለች፤ በመሐል አትታጠብም። እንደ እሷ አድርጊ። ሳኒታይዘሩን ከመስኮትሽም ከቦርሳሽም አውጪው። ጓንት ማድረግ ካማረሽ አታድርጊ፤ መሥሪያ ቤቱ ካላዘዘ በስተቀር ጓንቱ የበረኪናው ወንድም ነው።

ደረጃ አውጥተሽ መለማመድ ትችያለሽ። የምትፈሪያቸውን ነገሮች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ጻፊ። ሪሞቱን ነክቶ ፊትን መንካት ምናልባት ቀላሉ ነው። ቀጥሎ የታክሲ በር። ቀጥሎ አሮጌ የብር ኖት ይዞ ስልክ መንካት። ከባዱ ምናልባት ከሥራ መልስ ልብስ ሳይቀይሩ፣ እጅ ሳይታጠቡ ትራስ መንካት ይሆናል። በየቀኑ አንዱን አድርጊ፣ ከዚያ ሳትታጠቢ ቆዪ። አንዱ ሲለመድ ወደሚቀጥለው እለፊ። በአንዱ ላይ ሁለት ሳምንት ብትቆዪም ችግር የለውም።

ይህ እኔ የፈጠርኩት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 ቪክተር ሜየር የተባለ የለንደን የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ በመታጠብና በመሳሰለው ድግግሞሽ የተያዙ ሁለት ሕሙማንን የሚፈሩትን እንዲነኩና ከዚያ የለመዱትን እንዳያደርጉ አድርጎ ያከመበትን ዘገባ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ በብዙ ጥናት ተፈትኖ፣ ዛሬ ከመድኃኒት ጎን ዋናው የኦሲዲ የንግግር ሕክምና ሆኗል። መጋፈጥና ምላሽን መከልከል ይባላል። (በነገራችን ላይ፣ “ውኃ በፈረቃ ከሆነማ ኦሲዲ በራሱ ይድናል” ብሎ የቀለደብኝ ሰው ነበር። አይድንም። ቧንቧው ሲደርቅ ሰው ጄሪካን ማጠራቀም ይጀምራል፤ ራስ ወስኖ ማቆምና ጠፍቶ ማቆም አንድ አይደሉም።)

ስለ ስድቡ። ከጻፍሽው ሁሉ ይህን ለመጻፍ ነው የከበደሽ ብዬ እገምታለሁ። ኦሲዲ የሚመጣው ሰው በሚሳሳለት ነገር ላይ ነው። ልጇን የምትወድ አራስ “ልጄን ብጥለውስ” የሚል ሐሳብ ይመጣባታል፤ ቢላዋ ትደብቃለች። አማኝ የሆነች ደግሞ ቅዳሴ ላይ ስድብ ይመጣባታል። እምነቱ ግድ የማይሰጠው ሰው እንዲህ አይጨነቅም። ያልተፈለገ ሐሳብ ደግሞ የኦሲዲ ሕሙማን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት በ13 አገሮች 777 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጠይቆ ነበር፤ ከመቶ 94 ያህሉ ባለፉት ሦስት ወራት ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ሐሳብ መጥቶብናል ብለዋል። እነሱ “ምን ጉድ ነው” ብለው ያልፉታል። አንቺ ቆመሽ ትመረምሪዋለሽ።

የእህትሽ ምክር፣ “አታስቢው” የሚለው፣ በቅን ልብ የተሰጠ ነው። አይሠራም እንጂ። ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1987 ሰዎችን “ለአምስት ደቂቃ ነጭ ድብ እንዳታስቡ” አላቸው፤ በመጣባቸው ቁጥር ደወል ይነኩ ነበር። ደወሉ መደወሉን አላቆመም። ይባስ ብሎ፣ በኋላ “አሁን አስቡ” ሲባሉ ከመጀመሪያው እንዲያስቡ ከተነገራቸው ሰዎች በላይ አሰቡት። ለእህትሽ ንገሪያትና አምስት ደቂቃ ትሞክረው።

ስለዚህ ስድቡ ሲመጣ አታባሪው። እንደገና አታማትቢ፣ ጸሎቱን ከመጀመሪያው አትጀምሪ፣ ሦስት ጊዜ ይቅርታ አትበይ። ሐሳቡ እዚያው እያለ ቅዳሴውን አስቀድሺ። ንስሐ አባትሽን አንዴ፣ በግልጽ አነጋግሪያቸው፦ “አባ፣ ሕመም አለብኝ፤ የማልፈልገው ሐሳብ ይመጣብኛል፤ ሐኪም ደጋግሜ እንዳልናዘዘው ነግሮኛል።” ከዚያ ያንኑ ይዘሽ በየሳምንቱ አትመለሺ። ብዙ አባቶች ነገሩን ቶሎ ይረዱታል፤ ተመሳሳይ ልጅ ከዚህ በፊት አጋጥሟቸዋል። ይህን የምታነቡ ሙስሊም ወገኖቼም ውዱእ እየደጋገማችሁ፣ ሶላት እያቋረጣችሁ የምትሰቃዩ ካላችሁ ነገሩ አንድ ነው። በፊቅህ (በእስልምና የሕግ ትምህርት) “እርግጠኛ የሆኑበት ነገር በጥርጣሬ አይሻርም” የሚል የታወቀ መርሕ አለ። ኢማማችሁን አንዴ ጠይቁና በመልሱ ጽኑ።

ጸበሉን በተመለከተ ከእናትሽ ጋር አትጣዪ። ሂጂ። ጸበልና መድኃኒት አብረው ይሄዳሉ። ሁለት ነገር ብቻ አደራ። መድኃኒቱ አንድ ቀንም እንዳይቋረጥ። ሁለተኛ፣ ወደ ጸበል የምትሄጂው ለእምነትሽ ይሁን እንጂ “ያሰብኩትን ስድብ ያጥብልኝ” ብለሽ አይሁን። እሱ ከሆነ ከጄሪካኑ ወደ ጸበሉ ተዛወርሽ ማለት ነው።

እንቅልፍና ሌላው ጣጣው ትንሽ ነው። ከሦስቱ እንቅልፍን አስቀድሚ። ኦሲዲ ያለባቸው ሰዎች ዘንድ በጣም አምሽቶ መተኛት በብዛት ይታያል፤ ባመሹ ማግስት ሐሳባቸውን መቆጣጠር እንደሚከብዳቸው የተናገሩባቸው ጥናቶች አሉ። ስለዚህ የመነሻ ሰዓትሽን አጽኚ፣ እሁድንም ጨምሮ። ፍሉኦክሴቲን አንዳንድ ሰው እንቅልፍ ይነሳል፤ ማታ የምትወስጂው ከሆነ ወደ ጠዋት ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪምሽን ጠይቂ። ቡናን ተዪ አልልም፤ እንኳን አንቺን ራሴንም አላሳምንም። ቡና ኦሲዲ አያመጣም። ግን ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ያርቃል፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ አቦሉን ለእናትሽ ተዪላት። ጫት የምትቅሙ አንባቢዎች ካላችሁ ግን የእኔ ምክር ጠንከር ይላል፦ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ኦሲዲ ላይ ሲጨመር ሕክምናው ሁሉ ይከብዳል።

ለኦሲዲ የተለየ ምግብ የለም። በሰዓቱ ብዪ፣ ይበቃል። በጾም ወቅት መድኃኒቱን በምን ሰዓት እንደምትወስጂ ቀድመሽ ከሐኪምሽም ከንስሐ አባትሽም ጋር ተነጋገሪ። ስፖርት ለስሜትና ለእንቅልፍ ይረዳል፤ በኦሲዲው ላይ ብቻውን የሚሠራው ሥራ ግን ትንሽ ነው። ከሥራ መልስ ሁለት ፌርማታ በእግር መሄድ ለአንቺ በቂ ነው። ሐሳቡ በመጣ ቁጥር ለማምለጥ አትሩጪ ብቻ።

በጥልቅ መተንፈስንም ሰው ሁሉ ይመክራል። ተመራማሪዎች የመጋፈጥ ሕክምናን ሲፈትኑ፣ ሰውነትን ዘና የማድረግ ልምምድን እንደ ማወዳደሪያ ተጠቅመውበታል፤ በኦሲዲው ላይ እምብዛም እንደማይሠራ ስለሚታወቅ። ለመተኛት ተጠቀሚበት። ሶኬቱ ትዝ ሲልሽ ግን አይሆንም፤ ያኔ ጭንቀቱን ማባረሪያ ሌላ ድርጊት ይሆናል።

ስልኩ ደግሞ አለ። “የምጣድ ሶኬት እሳት ያስነሳል ወይ” ብሎ መፈለግ፣ ቴሌግራም ላይ የማያውቁትን ሰው መጠየቅ፣ አሁን አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲን ሌሊት ሙሉ “እርግጠኛ ነህ?” እያሉ ማድረቅ፣ ሁሉም እናት ጋ ከመደወል አይለይም። ማሽኑ አይሰለቸውም፤ ክፋቱም እሱ ነው። ይህንንም ምላሽ ባታስቀምጪው ደስ ይለኛል። አንብቢው፣ የምታደርጊውን ብጫቂ ወረቀት ላይ ጻፊ፣ በተጠራጠርሽ ቁጥር እየከፈትሽ “ዶክተሩ እኮ እንዲህ ብሏል” አትበይ።

ብቻሽን ካቃተሽ፣ እና ለብዙ ሰው ብቻውን ይከብዳል፣ ባለሙያ ፈልጊ። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ ቅዱስ ጳውሎስና ዘውዲቱም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ከአዲስ አበባ ውጭ ላላችሁ ጅማና ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች አሉ፤ በብዙ የክልል ሆስፒታሎችም የሥነ አእምሮ ነርሶች ይሠራሉ። ስትሄጂ አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ “በመጋፈጥና ምላሽን በመከልከል ኦሲዲ ያክማሉ?” ስለ ልጅነትሽ ብቻ እያወራሽ ወራት ካለፉ፣ ደግነት ነው እንጂ የኦሲዲ ሕክምና አይደለም። ይህ ሕክምና ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 20 ክፍለ ጊዜ ነው፤ በመሐል ያለው የቤት ሥራ ደግሞ ከዚህ በላይ የጻፍኩት ዓይነት ነው። ውጭ አገር የምትኖሩ በአማርኛ የሚያክም ባለሙያ በቪዲዮ ማግኘት ትችሉ ይሆናል፤ ጸሎቱንና ጸበሉን ከዜሮ ማስረዳት ስለማያስፈልግ ድካሙ ይቀንሳል። ኑሮ ካስጠላሽ ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ የዚያኑ ቀን ለእናትሽ ንገሪና ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ለእጮኛሽ ንገሪው። ከሠርግ በኋላ ሲያውቀው “ለምን ደበቅሽኝ?” የሚለው ጥያቄ ከሕመሙ በላይ ይጎዳችኋል። ስትነግሪው የሚያደርገውንም አብረሽ ንገሪው፤ አለዚያ በአንድ ወር ውስጥ እሱ አዲሱ እናትሽ ይሆናል፣ “ነቅለሻል የኔ ቆንጆ” እያለ ይኖራል። “ትወደኛለህ? እርግጠኛ ነህ? ሰምተህ ደነገጥህ አይደል?” እያልሽም ማታ ማታ አታድርቂው፤ ኦሲዲ እዚያም መግባት ይወዳል። ቢችል አንድ ቀጠሮ ላይ ይዘሽው ሂጂና ሐኪምሽን ራሱ ይጠይቅ። ልጅ ለመውለድ ስታስቡ ደግሞ መድኃኒቱን በራስሽ ሳታቋርጪ አስቀድመሽ ለሐኪምሽ ንገሪው፤ የሚቀጥል፣ የሚቀየር ወይም የሚቀነስ መሆኑን አብራችሁ ትወስናላችሁ።